ከሐረርጌ የሄደው ዘር

ግራዋን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የጠላ ጋን የሚታጠበው በእርሱ ነው፤ ሆዱን የቆረጠው ሰው ጨምቆ የሚጠጣው እርሱን ነው፤ የመረረ ነገር ሲጠራም ስሙ ከኮሶ ቀጥሎ ይነሣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደግነው ልጆች እንኳ ቅጠሉን ባንለየው መራራነቱን በወሬ እናውቀዋለን። የዛሬው ወጋችን ግን ስለ ግራዋ አይደለም። ስለ አንድ ዘመዱ ነው። አብዛኞቻችን ስሙን አልሰማንም። ደረቅ ምድር ላይ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል፤ ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ ዘሩን ያራግፋል፤ ይደርቃል። በአገሩ ዝም ብሎ ሲበቅልና ሲደርቅ የኖረው ይህ ተክል ውቅያኖስ ተሻግሮ ላቦራቶሪ ከገባ ግን 60 ዓመት አልፎታል።

ሳይንቲስቶች ተክሉንም ግራዋንም ለረጅም ዘመን ቬርኖኒያ በሚል አንድ የወገን ስም ሲጠሯቸው ኖረዋል (ዛሬ ዛሬ ግራዋን ወደ ሌላ ወገን ያዛወሩት አሉ)። ስሙ የተወሰደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ዕፅዋት ይሰበስብ ከነበረ ዊልያም ቬርኖን ከሚባል እንግሊዛዊ ነው። በእኛ ቆላ የሚበቅል ተክል የእንግሊዛዊ ስም መያዙ ብቻውን አያስከፋንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ከስሙ በኋላ ዘሩ ምን ሆነ? ማን ከፍቶ አየው? ውስጡስ ምን አገኘ?

ከሆድ ትል የተነሣ ታሪክ

ታሪኩ የሚጀምረው ከሕንድ ነው። እኛ ዘንድ የኮሶ ትል የያዘው ሰው ኮሶውን፣ እንቆቆውን ወይም መተሬውን እንደሚጠጣ ሁሉ በሕንድም ባህላዊ ሐኪሞች ለሆድ ትል የሚሰጡት የታወቀ ዘር አለ። ይህ ዘር የሚገኘው ከአንድ የቬርኖኒያ ዝርያ ነው። የሳይንስ ስሙ «አንቴልሚንቲካ» ሲሆን ትርጉሙ «ትል አስወጪ» ማለት ነው፤ ሙያው ስሙ ሆኖ ቀርቷል።

በ1954 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍራንክ ጉንስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት የዚህን መድኃኒት ዘር ዘይት ሲመረምር ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ኬሚስቶች ከሚያውቋቸው የተለመዱ ዘይቶች የተለየ አሲድ አገኘ። ቬርኖሊክ አሲድ ተባለ። ነገሩ ለምን እንዳስገረመ ለመረዳት ትንሽ ኬሚስትሪ ያስፈልገናል። የአስረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስመረራችሁ አትሽሹ፤ ከማድ ቤት አንወጣም።

ኑግ፣ ጉሎ እና ሦስት ጉልቻ

ዘይት ሁሉ፣ የኑግም ይሁን የሰሊጥ፣ ውስጡ ሲታይ ፋቲ አሲድ የሚባሉ ረጃጅም የካርበን ሰንሰለቶች ናቸው። ሦስት ሦስት ሆነው ግሊሰሮል በሚባል አጭር ግንድ ላይ ተያይዘዋል። የብዙዎቹ ሰንሰለት ርዝመት 18 ካርበን ነው። ልዩነቱ ያለው በሰንሰለቱ ላይ ምን እንደተንጠለጠለና የት ቦታ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

የኑግ ዘይትን እንውሰድ። በውስጡ በብዛት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ 18 ካርበን ሆኖ በ9ኛውና በ12ኛው ላይ የሚጀምሩ ሁለት ድርብ ማያያዣዎች አሉት። አሁን ደግሞ ምጣድ የሚሟሽበትን ጉሎ እንውሰድ። የእርሱም አሲድ 18 ካርበን ነው፤ ነገር ግን በ12ኛው ካርበን ላይ አንድ ኦክስጅን ከሃይድሮጅን ጋር ተንጠልጥሏል። በዚች ትንሽ ጭማሪ የተነሣ የጉሎ ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፤ ከምጣድ እስከ አውሮፕላን ሞተር ማለስለሻ፣ ከሆድ ማጠቢያ እስከ ናይሎን ድረስ ለመዋል በቅቷል።

ቬርኖኒያ ያደረገው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የኑጉን ሊኖሌይክ አሲድ ይወስድና በ12ኛውና በ13ኛው ካርበን መካከል ያለውን ድርብ ማያያዣ ከፍቶ አንድ ኦክስጅን ያስቀምጥበታል። ሁለቱ ካርበኖችና ኦክስጅኑ ሦስት ጉልቻ ይሆናሉ። ይህን ቅርጽ ኬሚስቶች ኢፖክሲ ይሉታል። ጉልቻው ግን በጣም ተጠጋግቶ የተጎለተ ነው፤ ጥበቱ ስለሚያስጨንቀው በቀላሉ ይፈታል፤ ሲፈታም አጠገቡ ካገኘው ነገር ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ማጣበቂያ፣ የብረት ቀለም፣ የወለል ቅብ የሚሠራው ከዚህ ባሕርይ ነው። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ገብቶ «ኢፖክሲ» የሚል ቆርቆሮ ያየ ሰው ጉልቻውን አይቷል፤ የዚያኛው ምንጭ ግን በአብዛኛው ነዳጅ ዘይት ነው።

ፋብሪካዎች ይህን ቅርጽ ከአትክልት ዘይት መሥራት ይችላሉ። የአኩሪ አተር ዘይት ይወስዱና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በአሲድ እየታገዙ ኦክስጅን ያስገቡበታል፤ የሚያገኙትን ፕላስቲክ ለማለስለስ ይጠቀሙበታል። ሥራው ገንዘብም ኬሚካልም ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በፀሐይና በዝናብ ብቻ የሚሠራ ተክል መገኘቱ ነው እንግዲህ ሰዎቹን ያነቃቸው።

የዘር አዳኞቹ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ አንድ እኛ የማናውቀው ችግር ነበረባት፤ እህል ተረፋት። ገበሬዎቿ ስንዴና በቆሎ እያመረቱ ገዢ ሲያጥር የግብርና ሚኒስቴሩ ሌላ ዘዴ ፈለገ፤ ለምግብ ሳይሆን ለፋብሪካ የሚሆን አዲስ ሰብል። ስለዚህ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከየአገሩ የዱር ዘር እየተለቀመ በኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪ ይላክ ጀመር። እዚያ ዘሩ ይፈጫል፤ ዘይቱ ይጨመቃል፤ አሲዱ ይለካል። በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች በዚህ ወፍጮ አልፈዋል። ከዕጩዎቹ አንዱ ክራምቤ ሲሆን ሙሉ የሳይንስ ስሙ ላይ «አቢሲኒካ» የሚል ቃል አለበት፤ የአገራችንን ስም ተሸክሞ ሰሜን ዳኮታ ድረስ ሄዶ ተዘርቷል።

የሕንዱ ቬርኖኒያም ተሞከረ። አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ዘሩ እኩል አይደርስም፤ የደረሰውም ሳይታጨድ ይረግፋል። ገበሬ የሚወደው ጠባይ አይደለም። ሌላ ዘመድ ይፈለግ ተባለ።

በ1964 ሮበርት ፐርዱ የተባለ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዕፅዋት ተመራማሪ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ መጣ። በሐረር አካባቢ ያገኘውን የዱር ቬርኖኒያ ዘር ሰበሰበ። ዘሩ ሲመረመር ውጤቱ ከሕንዱ በለጠ፤ ከዘሩ ክብደት 40 በመቶ ገደማው ዘይት ነው፤ ከዘይቱ ደግሞ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ቬርኖሊክ አሲድ ነው። ዘሩም እንደ ሕንዱ ቶሎ አይረግፍም። አንድ ብልሃት ብቻ ይፈልጋል፤ ዘሩ ሲፈጭ ውስጡ ያለው ኤንዛይም ዘይቱን መበታተን ስለሚጀምር አስቀድሞ በሙቀት ማብረድ ግድ ነው። የሐረርጌው ዝርያ በኋላ «ኢትዮፒካ» የሚል ስም ተሰጠው።

እስቲ ዓመቱን ልብ እንበለው። ጃንሆይ ዙፋን ላይ ናቸው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ነው። ከሐረር ብዙም ሳይርቅ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ ተከፍቶ ተማሪ ያስመርቃል። ተክሉ የኮሌጁ ጎረቤት ነው። ኮሌጁ ሥራ ፈትቶ አልነበረም፤ ሥራው ማሽላና በቆሎ፣ ላምና ዶሮ ነበር። የተራበ ሕዝብ ያለው አገር መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እንጀራ ነውና አንወቅሰውም። የተረፋቸው ሰዎች ደግሞ ስለ ቀለም ጠየቁ። አንድ ተክል ሁለት ጎረቤት ነበረው፤ አንዱ አጠገቡ ነው፣ አንዱ ውቅያኖስ ማዶ። ጥያቄውን ያነሣው የማዶው ሆነ።

ሰውየው ዘሩን ሰረቀ እንበል? በዚያን ጊዜ የዱር ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ የአሜሪካም ዘር እንዲሁ ወደ ሌላው ይሄዳል። ፈቃድ ጠይቅ የሚል ሕግ የለም፤ የሚጠየቅም ቢሮ የለም። ዘር በሚገኝበት አገር ሥልጣን ሥር መሆኑን ዓለም በስምምነት የጻፈው ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1992 በሪዮ ዲ ጄኔሮ ነው። «ዘረፉን» የሚለው ቃል ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለዚህኛው ግን ይሰፋዋል።

አሜሪካዊ አልሆንም ያለው ዘር

ቀጥሎ የሆነው ያስቃል። ዘሩ አሜሪካ ሄዶ ሲዘራ ይበቅላል፣ ይለመልማል፣ ግን አያብብም። የሐረርጌ ልጅ ነውና አበባ የሚያወጣው ቀኑ ሲያጥር ነው። የአሜሪካ ቀን የሚያጥረው በመጸው ነው፤ ያን ጊዜ ውርጭ ይመጣና ተክሉ ዘር ሳይቋጥር ይሞታል። ስለዚህ ሙከራው ቀኑ ወደሚስማማው ወደ ኬንያና ዚምባብዌ ተወሰደ። በኋላም በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የቀን ርዝመት ከማይገደው ሌላ ዝርያ ጋር እያዳቀሉ ለማላመድ ዓመታት ደከሙ።

ድካሙ ምክንያት ነበረው። አዲስ የተቀባ ቤት ስንገባ ራስ የሚያዞረን ሽታ ቀለሙን ለማቅጠን የተጨመረው ፈሳሽ ወደ አየር ሲተን ነው። በአሜሪካ የአየር ብክለት ሕጎች ሲጠብቁ ፋብሪካዎች የማይተን ማቅጠኛ ፈለጉ። የቬርኖኒያ ዘይት ቀጭን ነው፤ ቀለሙን ያቀጥነዋል፤ ከዚያም ጉልቻው ተፈትቶ ከቀለሙ ጋር ይያያዝና ግድግዳው ላይ ይቀራል። አንድም ሽታ፣ አንድም ብክነት ይቀንሳል። በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም።

ይሁን እንጂ ዘይቱ ከወረቀት ወደ ገበያ አልተሻገረም። ዛሬም የዓለም የቀለምና የፕላስቲክ ፋብሪካ የሚገዛው በኬሚካል የተለወጠውን የአኩሪ አተር ዘይት ነው፤ አኩሪ አተር በሚሊዮን ቶን ይገኛል፣ ቬርኖኒያ አይገኝም። ገበሬው ገዢ ከሌለ አይዘራም፤ ገዢው ምርት ከሌለ ፋብሪካውን አይቀይርም።

ይህን ቋጠሮ የፈታ የበረሃ ዘር ግን አለ። ሱቅ ገብታችሁ የሻምፖ ጠርሙስ ጀርባ ብታነቡ «ጆጆባ» የሚል ታገኛላችሁ። ጆጆባ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ያለው የሶኖራ በረሃ ቁጥቋጦ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ዘሩን ወቅጠው ለቆዳና ለቁስል ይቀቡት ነበር። በ1933 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘሩን ሲመረምሩ ግማሽ ያህሉ ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ሰም ሆኖ አገኙት፤ ሦስቱ ሰንሰለትና ግሊሰሮሉ የሉም። ዕውቀቱ ለአሥርታት መደርደሪያ ላይ ተኛ። በ1970 አሜሪካ የስፐርም ዓሣ ነባሪን ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝግባ የዘይቱን ንግድ ስትዘጋ ግን ያን ዘይት የሚመስል ነገር ተፈለገ፤ ጆጆባ ተገኘ። ዛሬ ከአሪዞና እስከ እስራኤሉ ኔጌቭ በረሃ ድረስ በእርሻ ይመረታል። ጆጆባን ያበቃው የዘሩ ኬሚስትሪ ብቻ አልነበረም፤ ቀኑ ሲደርስ ዘሩን የሚያውቁ ሰዎች እዚያው በረሃው አጠገብ መኖራቸውም ነው።

ፊርማ

ወደ ሐረርጌ እንመለስ። ኢትዮጵያ በ1976 የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል አቋቋመች፤ ማዕከሉ አድጎ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆነ። የሪዮን ስምምነት በ1994 አጸደቀች። በዓለም አቀፉ ድርድር ላይ ደግሞ በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካን ድምፅ ይዘው ሲከራከሩ ኖሩ። በ1998 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) አዋጅ ቁጥር 482 ወጣ፤ የአገሪቱን የዘር ሀብትና የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያጋራ አስገደደ።

በዚያው ዓመት፣ በ2006፣ ኢንስቲትዩቱ ቬርኒክ ባዮቴክ ከተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር በቬርኖኒያ ላይ ውል ተፈራረመ። ኩባንያው ተክሉን ለገበያ ሊያበቃ፣ ኢትዮጵያ ከፈቃድ ክፍያና ከትርፉ ድርሻ ልታገኝ፣ ገበሬዎችም እያመረቱ ሊሸጡ ነበር። ዜናው ተስፋ የሞላበት ነበር። ከሐረርጌ ከሄደ ከ42 ዓመት በኋላ ዘሩ በወረቀት አገሩ ገባ።

የተባለው የቬርኖኒያ ኢንዱስትሪ ግን አልተነሣም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2005፣ በጤፍ ላይ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የተፈረመውም ውል ዕጣው አላማረም፤ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው የአውሮፓ ፓተንት ግን ከውሉ ዕድሜ በላይ ኖሮ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት የአገሩን ክፍል ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ውል የሚያካፍለው የተገኘን ትርፍ ነው፤ ያልተገኘን ትርፍ እንዲገኝ አያደርግም። ዘሩን አጭዶ፣ ዘይቱን ጨምቆ፣ ቀለሙን ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ከሌለ ፊርማው ፊርማ ሆኖ ይቀራል።

ያው 1964

አንድ ነገር ሆን ብለን ለመጨረሻ አቆይተናል። ፐርዱ ሐረር አካባቢ ዘር በለቀመበት በዚያው በ1964 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ነበር። አክሊሉ ለማ ይባላል። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው አየ። እንዶድን ከእርሱ በፊት ያላየ ማን አለ? ልብሳችን ሁሉ በእርሱ ሲታጠብ የኖረ ነው። እርሱ ግን «ውስጡ ምን አለ?» አለ። በፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች መሆናቸው ታወቀ፤ ከእነርሱ አንዱ ዛሬ በእርሱ ስም ለማቶክሲን ይባላል። ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ሆኖ ሥራውን ለአሥርታት ገፋበት፤ በ1989 ሁለቱ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

አክሊሉም ብዙ ተጉላልቷል። የአፍሪካ ላቦራቶሪ ውጤት ውጭ አገር ካልተደገመ አይታመንም ተብሎ ዓመታት አልፈዋል። እንዶድም ዓለምን የሞላ ሸቀጥ አልሆነም። ነገር ግን ከእንዶድ የተረፈን ነገር አለ። አክሊሉ ያቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስሙን ይዞ ይሠራል፤ ተማሪ ያሠለጥናል። ከቬርኖኒያ በእነዚያው ዓመታት የተረፈን ምን ነበር? «ኢትዮፒካ» የሚል ቅጽል። ጥያቄውን ያነሣ አገር መልሱ ባያበለጽገው እንኳ ጠያቂዎቹ ይቀሩለታል።

እርግጥ ነው፣ ጊዜው ተቀይሯል። የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የቬርኖኒያ ዘር ሰብስበው፣ ዘርተው፣ ያገኙትን በ2001 በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትመዋል። በ2004 ደግሞ የቬርኖኒያን ወገን ሁሉ የያዘው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ቅጽ በኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ በመስፍን ታደሰ ተጽፎ ወጣ። የኮሌጁ ጎረቤት በመጨረሻ ተጠየቀ፤ ከ37 ዓመት በኋላ።

አገራችን 6,000 ያህል የዕፅዋት ዝርያ አላት፤ ከአሥር አንዱ ገደማ ከዚህ በቀር የትም አይገኝም። ከአፋር እስከ ቦረና፣ ከኦጋዴን እስከ ሐረርጌ ቆላ ያሉ አርብቶ አደሮች የትኛው ዘር ለግመል እከክ፣ የትኛው ለሆድ፣ የትኛው ለቁስል እንደሚሆን ያውቃሉ። አብዛኛው ዕውቀት የተጻፈው በራሳቸው ውስጥ ነው፤ ከእነርሱም ጋር ይቀበራል። ሕጉ አለ፣ ኢንስቲትዩቱ አለ፣ ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮልም ከኋላችን ቆሟል። ይህ ሁሉ በሩን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛ ጥሩ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ንብረት ቆጥሮ የሚያውቀው ግን ዘበኛው አይደለም።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በተለይ ኬሚስትሪ ደርሷችሁ «ይህን ተምሬ ምን እሠራለሁ?» እያላችሁ የምታማርሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጥታችሁ ካለፈው ዓመት ተማሪ ልትቀዱ የምታስቡ፣ አንድ ነገር እንጠቁማችሁ። ክረምት ላይ ዘመድ ጥየቃ ወደ ቆላ ስትወርዱ አያቶቻችሁን ስለ አንድ ዘር ጠይቁ። ስሙን፣ ቦታውን፣ የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ሲመለሱ ዘሩን ወደ ላቦራቶሪ ይዛችሁ ግቡ። ምናልባት ተራ ዘይት ይሆናል። ምናልባትም ማንም ያላየው ጉልቻ ይገኝበታል።